የአሥራ አንድ ሰዓት ፊት

ስሙን የሚያውቅ ሰው በመንገዳችን ላይ ያለ አይመስለኝም። እኔ እንኳ፣ የልብስ ስፌት ሱቄ ከፎቶ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ እየተጋራ፣ ስሙን የምሰማው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው መጥቶ ሲጠራው ብቻ ነው። ለቀረነው ሁሉ አሥራ አንድ ነው። «አሥራ አንድ ገብቷል?» «አሥራ አንድን አይታችሁታል?» እንባባላለን። የገዛ እናቱ ሳይቀሩ በዚሁ ነው የሚጠሩት። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ባለወፍጮው «እኔ ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት።

አሥራ አንድ ፎቶ አንሺ ነው። ጠዋት ጠዋት ስቱዲዮው ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል፤ ያንን ሲሠራ ግን ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው ፊቱን አጨማዶ ነው። የእሱ ሥራ ውጭ ነው። ሰው ደህና ልብሱን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ «አንሳኝ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይምጡ» ይላል። ሙሽራ ትሁን፣ ጡረታ የወጣ ሹም ይሁን፣ መልሱ ያው ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃ ያ ማር የመሰለ ብርሃን መንገዱ ላይ ሲተኛ፣ ያኔ በርጩማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይወጣል።

አንድ ጊዜ አንድ ጠበቃ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ሱፉን የሰፋሁለት እኔ ነበርኩ፤ ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠለት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

«አሁን ነው የምነሳው» አለ።

«አሁን አይሆንም» አለው አሥራ አንድ።

«ለምን አይሆንም?»

«ፀሐይዋ አናትዎ ላይ ናት። ዓይንዎ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ አፍንጫዎም የጥላ ጢም ያበቅላል።»

ጠበቃው ጢም የለውም፤ ለጢም የሚሆን ትዕግሥትም የለውም። ደሙ ፈልቶ መንገዱን ሙሉ እየተሳደበ ወረደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ተመልሶ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ንዴቱ ገና አልበረደለትም ነበር። ፎቶው ሲወጣ ያ ሁሉ ንዴት ግርማ ሞገስ ሆኖ ተገኘ። አሁን ቢሮው ውስጥ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅሎታል፤ ባለጉዳይ ገና እግሩን ሲያስገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል አሉ።

ሥራውን የጀመረው አደባባዩ አጠገብ ባለው ትልቁ ፎቶ ቤት ነው፣ በተላላኪነት። እዚያ ቤት ፍላሽ አለ። ብልጭ ሲል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይዘላል፤ ፎቶው ሲወጣ ሁሉም ሲሠርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ይመስላል። አሥራ አንድ ጌታው ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊጠጣ ወጣ ሲል ጠብቆ ደንበኞቹን በጓሮ በር ያስወጣና ፀሐይ ላይ ያነሳቸው ነበር። አንድ ቀን ጌታው ረስቶት የሄደውን ኮፍያ ሊወስድ ሲመለስ ስቱዲዮው ባዶ፣ ጓሮው ሰው ሞልቶት አገኘ። እዚያው አሰናበተው። አሥራ አንድ ይህን ሲያወራ አይመረውም። «በጥሩ ሰዓት ነው ያባረረኝ» ይላል፤ «ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ።»

እኔ ስለ ካሜራ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ጨርቅ ጠይቁኝ። የአሥራ አንድ ነገር የገባኝም በጨርቅ በኩል ነው። «በቀትር ፊት ላይ ጥላና ብርሃን ይደባደባሉ» ይላል። «ግማሹ ይነጣል፣ ግማሹ ይጠቁራል፣ መሀል ላይ ሰውየው ይጠፋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ይታረቃሉ።» እውነቱን ነው። እሱ ያነሳው ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከጉንጭ ወደ አንገት ሲወርድ የት ጋ ወደ ጥላ እንደተለወጠ ብትፈልጉ አታገኙትም። ስፌቱ እንደማይታይ ጥሩ ልብስ ነው። ድምቀት የለመደ ሰው ግን መጀመሪያ አይጥመውም። አንዲት ፀጉር ሠሪ ፎቶዋን ተቀብላ «ይኼማ ታጥቦ ለቋል» ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። አሥራ አንድ አንስቶ በፖስታ ከተተና ሰጣት። ከጥቂት ቀን በኋላ አንገቷን ደፍታ መጣች። ባሏ ፎቶውን ኪሱ ከትቶ አልመልስም ብሏታል፤ ለራሷ ሌላ ትፈልጋለች።

ሰው ሁሉ ምስጢሩ ሰዓቱ ይመስለዋል። ሰዓቱ ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ወፍጮ ቤቱ ነው። መንገዳችን ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ የሚያልቀው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ፀሐይ የምትጠልቀው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ፣ ከፍ ብሎ በተሰቀለው የውሃ ታንከር በኩል ነው። ግድግዳው ድሮ በኖራ የተለሰነ ነው፤ በላዩ ላይ ስንት ዘመን የበነነ ዱቄት ተለጥፎበት እንደ ወተት ነጥቷል። አሥራ አንድ ሰዎቹን ጀርባቸውን ለፀሐይ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። እሱ መሀል ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቆማል፤ በአንድ እጁ ካሜራውን፣ በሌላው አሮጌ ባርኔጣውን ከሌንሱ በላይ ይዞ። ፀሐይዋ ከኋላ የፀጉራቸውን ዳር ዳር ወርቅ ትቀባዋለች። ፊታቸውን የሚያበራው ግን ግድግዳው ነው። ብርሃኑ ሄዶ ግድግዳውን ይመታና ለስልሶ ተመልሶ ፊት ላይ ያርፋል። ግድግዳው ራሱ በአንድም ፎቶ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም።

እኔም ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ለዘበኞች የታዘዙ ጥቁር ካፖርቶች ሰፍቼ እንዲናፈሱ ብዬ እዚያ ግድግዳ ላይ ደረደርኳቸው። አሥራ አንድ ደንበኛ አስቀምጦ በካሜራው ሲያይ የሰውየው ፊት ጨልሟል። ዞር ብሎ ካፖርቶቹን አየና እየሮጠ ሱቄ ገባ።

«እትዬ፣ በናትሽ ካፖርቶቹን አውርጂልኝ። ብርሃኔን እየበሉብኝ ነው።»

አበደ ብዬ ነበር። ሳወርዳቸው ግን የሰውየው ፊት ዓይኔ እያየ ፈካ። አሥራ አንድ ያን ዕለት ማታ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። «በተለይ ለባለወፍጮው» አለ።

ባለወፍጮው ደግ ሰው ነው፤ ሆዱ ክፋት አያውቅም። ጉራው ግን ከወፍጮው ድምፅ ይበልጣል። አንድ ጊዜ «ዛሬ ይዘንባል» ብሎ ስለዘነበ ክረምቱን ሙሉ «እኔ ባልነግራችሁ ኖሮ ምን ይውጣችሁ ነበር» ሲለን ከረመ። ግድግዳው ፊት እንደሚያበራ ከሰማ በዚህ መንገድ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ ማለቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ ዝም ተባለ። በኋላ ጉድ ያፈላብን ይኸው ዝምታ ነው።

አሁን ወደ እናቱ ልምጣ። አሥራ አንድ በዚህ መንገድ ላይ ያላነሳው ፊት የለም። እኔን እንኳ፣ ምላሴ እንጂ መልኬ የማይወራልኝን ሴት፣ አንስቶ ለራሴ አስወድዶኛል። የገዛ እናቱን ግን አንስቶ አያውቅም። የልቡ ምኞት ይኸው አንድ ነገር ነበር፣ አንዲት የእናቱ ፎቶ። እማማ ደግሞ ካሜራ ሲያዩ ከቤት የሚወጡ ሰው ናቸው። የቤተሰቡን አልበም ብታገላብጡ እሳቸውን የምታገኟቸው ከሰው ትከሻ ጀርባ ነው፤ የሻሻቸው ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል።

ምክንያት አላቸው። ልጃገረድ ሳሉ ሌላ ከተማ የሚሠራ አንድ ሾፌር ሊያገባቸው ታስቦ ፎቶ ይላክለት ተባለ። በሠፈሩ የሚያልፍ ፎቶ አንሺ ተጠራና በእኩለ ቀን ግቢው መሀል አቆማቸው። የወጣው ነገር ዛሬም በመሳቢያቸው አለ፤ አንድ ቀን አሳይተውኛል። ዓይን በነበረበት ሁለት ጥቁር ጉድጓድ፣ አፍንጫ ሥር የጥላ ጢም፣ ግንባሩ የተኮማተረ። «ያመለጠ እስረኛ እመስላለሁ» አሉኝ። እሳቸው አልቅሰው «አይላክ» ቢሉም ፎቶው ተላከ። ሾፌሩ መጣ፣ ተጋቡ፣ ልጆች ወለዱ፣ ተዋደው ኖሩ። ነፍሱን ይማረውና ያ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ይላቸው ነበር አሉ፦ «ፎቶሽን አይቼ ፈርቼ ነበር። ደጃችሁ ስደርስ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ላይ ቆመሽ አየሁሽ። ያን ፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።» እማማ «ቀን ቀን አስቀያሚ ነሽ ማለትህ ነው» እያሉ ይመልሱለት ነበር። ሲያባብላቸው መስሏቸው ኖሩ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ይህን ነገር ሲያነሱ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ይስባሉ።

አሥራ አንድ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። እኔ ስገምት ካሜራ ያስያዘው ይኼ ነው፤ እሱ ግን «አይ፣ ሥራ አጥቼ ነው» ይላል።

እንግዲህ እህቱ ሩቅ ከተማ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። እማማ ሊያርሷት ሊሄዱ ተነሱ። ከዚያ በኋላም እዚያው ሊሰነብቱ ነው፤ መቼ እንደሚመለሱ እሳቸውም አያውቁት። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ልጃቸው እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ለመናቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ለመንገድ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ እየለካሁ፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ሆን ብዬ የመረጥኩት።

«አንድ ጊዜ እቀመጥልሃለሁ» አሉት። «አንድ ጊዜ ብቻ። እንደዚያኛው ከወጣ ግን ሁለተኛ ካሜራ ይዘህ አጠገቤ እንዳትደርስ።»

አሥራ አንድ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን የእናቱን ጉልበት ሲስም አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በላው። በማግስቱ ጠዋት ወሬው መንገዱን ሞላው። ከእኔ አይደለም የወጣው። እሺ፣ ለባለወፍጮው ብቻ ነው የነገርኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት ገበር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ፀሐይዋ ገና ከታንከሩ ከፍ ብላ ነበር። ቀና ስል ወፍጮ ቤቱ አረንጓዴ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች፣ የብረት በር በሚቀባበት በዚያ ወፍራም የዘይት ቀለም። ባለወፍጮው ብሩሹን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ያደንቀዋል፤ ጭንቅላቱ ዱቄት፣ እጁ ቅጠል ሆኗል። የያዝኩት ገበር ከእጄ ወደቀ።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ቀባሁት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እማማ ዛሬ እዚህ ሊቀመጡ አይደል? ሰው ሲነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳዬ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሴትዮዋ በዕድሜያቸው አንድ ቀን ሊነሱ ይኼን ያረጀ ነጭ ሲያዩ ሊቆዩ ነው? ዓይናቸው ያማረ ነገር ላይ ይረፍ ብዬ ነው። ግድግዳው እንደሆነ ፎቶው ውስጥ አይገባ፤ ምን ይጎዳል?»

ልጮኽበት አሰብኩ፤ ግን ጎንበስ ብዬ ከእጄ የወደቀውን አነሳሁ። እንዲህ ያለውን ደግነት በምን አፍ ይሰድቡታል?

አሥራ አንድ በርጩማውን ይዞ ሲወጣ ግድግዳውን አየና ባለበት ቀረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በርጩማውን ቦታው ላይ አስቀመጠ፣ እኔን በእጁ ጠቅሶ አስቀመጠኝ፣ አነሳኝ፣ ካሜራውን አዙሮ አሳየኝ። ያልበሰለ ማንጎ መስያለሁ። አገጬና አንገቴ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል።

«ጋሼ» አለው ባለወፍጮውን፣ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ፊት ላይ የሚያበራው ይኼ ግድግዳ ነበር። ብርሃኑ ከዚህ ነው የሚመለሰው። አሁን አረንጓዴ ነው የሚመልሰው።»

«ከእኔ ግድግዳ?»

«ከእርስዎ ግድግዳ።»

«ስታነሳ የኖርከው ሁሉ?»

«ሁሉም።»

ባለወፍጮው ደጃፉ ላይ ካለው ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሐሞቱ ፈስሷል፤ ያም ሆኖ ዓይኑ ውስጥ ኩራት ብልጭ ስትል አየኋት። «ምነው ታዲያ ብትነግረኝ» አለ። አሥራ አንድ አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሀል እማማ ከቤት ወጡ። ሰማያዊው ቀሚስ ልክ ሆኖላቸዋል፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረዋል፣ ችሎት የሚቀርቡ ይመስል አረማመዳቸው ኮስተር ያለ ነው። ፊታችንን አዩና ቆሙ።

«ምነው? ይቅር እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበረበት። ቢቀር ደስታቸው ነው፤ ያስፈራኝም ይኼው ነው። ዛሬ ከቀረ ነገ አውቶቡስ ላይ ናቸው፣ ቃላቸውንም ፈጽመዋል። ፀሐይዋ ወደ ታንከሩ እየተጠጋች ነው።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ «በፍላሽ አንሳቸው እንጂ» አለ። አሥራ አንድ እናቱን የሰደቡበት ያህል አየው።

ያኔ ነው ጨርቁ ትዝ ያለኝ። ለአንድ ሆቴል መጋረጃ የታዘዘ ሙሉ ጥቅል ነጭ ጨርቅ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ እጁን ያልታጠበ ሰው ሲያየው እንኳ የምቆጣበት። ሮጬ ተሸክሜው መጣሁ። አሥራ አንድ ሲያየው ገባው፤ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አልኩት። «ቀለሙ እርጥብ ነው። ጨርቄን አረንጓዴ የሚያስነካ ሰው ካለ በመቀሴ ነው የምንገናኘው።»

«ታዲያ ምን ላይ ይሰቀል?»

ባለወፍጮው ከበርሜሉ ተነሳ። ደጃፉ ላይ እህላቸውን ይዘው ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ዞረ። «ጆንያችሁን አስቀምጡና ኑ» አላቸው። «ዛሬ ጨርቁ ሳይያዝልኝ የሚፈጭ እህል የለም።»

መጡ። አንድ ነርስ፣ ሁለት ጎረምሶች፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ «በፍላሽ አንሳቸው» ያለው ሰውዬ ሳይቀር። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ተሰለፉ፤ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋንና እጃቸውን ሽቅብ አድርገው ያዙት። ከፊት ስታዩት ከላይ የጣት ሰልፍ፣ ከታች የጫማ ሰልፍ ነው፤ መሀሉ ነጭ። ባለወፍጮው መሀል ገባ። እኔ መቀሴን ይዤ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለስኩ «ወደ ኋላ እንዳትደገፉ፣ ወደ ኋላ እንዳትደገፉ» እላለሁ። የማምሻው ብርሃን ጨርቁን መታው፤ መንገዱ ላይ አንድ ሰው መብራት ያበራ ይመስል እዚያ አካባቢ ብቻ ፈካ።

እማማ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ሻሻቸውን ዳር ዳሩን አቀጣጠለችው። ፊታቸው ግን ተዘግቷል። ከንፈራቸው ተገጥሟል፣ ግንባራቸው ተኮማትሯል፤ ያ በእኩለ ቀን ግቢ መሀል የቆመችው ልጃገረድ ተመልሳ መጥታለች። አሥራ አንድ ባርኔጣውን ከሌንሱ በላይ ይዞ ይጠብቃል።

«እማዬ፣ ወደኔ እይ።»

«እያየሁህ ነው።»

«ትንሽ ተዝናኚ።»

«በምኑ ልዝናና?»

ጣቱ ካሜራው ላይ ነው፤ አይጫነውም። ይህን ፊት ካነሳ ያኛውን ፎቶ ደገመው ማለት ነው፤ ካላነሳ ደግሞ ፀሐይ አትጠብቀውም። የፀሐይዋ ጠርዝ ታንከሩን ነካ።

ከጨርቁ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ አይፍሩ» አለ ባለወፍጮው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «የማበራልዎ እኔ ነኝ።»

የእማማ ቅንድብ ከፍ አለ። ባለወፍጮው ተናግሮ ማብቃቱን ለማሳየት ይሁን ወይ እጁ ዝሎ እንጃ፣ ወደ ፊት ሊራመድ ሞከረ። አልሄደም። የነገርኩትን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ተደግፎ ኖሮ ሸሚዙ ከገዛ ግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ሲጎትት ሸሚዙ ከቀለሙ ላይ እየተላጠ ረጅም ድምፅ አሰማ። ጨርቁን የያዙት ሁሉ ሳቁ፤ ሳቃቸው ጨርቁን አንቀጠቀጠው፣ ብርሃኑም እማማ ፊት ላይ ወዲያ ወዲህ ተጫወተ። ባለወፍጮው ራሱን ከጨርቁ በላይ ብቅ አድርጎ «ግድግዳው አልለቅህም አለኝ» አለ።

እማማ ሳቁ። አፋቸውን በእጃቸው ሳይሸፍኑ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በልጃቸው በኩል አሻግረው ያን ሁሉ ጣትና ጫማ እያዩ ሳቁ። አሥራ አንድ ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። ከዚያ ፀሐይዋ ከታንከሩ ጀርባ ገባች።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። ለመታወቂያ የሚነሳ ሰው የሚያበጥርበት ማበጠሪያ በክር ታስሮ መስተዋቱ ሥር ይንጠለጠላል፤ ጥግ ላይ ማተሚያው አለ፣ ወረቀት ሲተፋ የሚንጫጫ አሮጌ ማሽን። እማማን በአንዷ ወንበር አስቀመጥናቸው። የቀረነው በሩ ላይ ተደራርበን ቆምን፤ ባለወፍጮው ጀርባው አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አላስጠጋው አለ። ወረቀቱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ የሻሹ ወርቃማ ጠርዝ፣ ከዚያ ግንባራቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው። ጉድጓድ የለም። ዓይኑ ሙሉ ለሙሉ ዓይን ነው፤ በሳቅ ጠበብ ብሎ፣ ውስጡ ረጅም ነጭ መስመር ይታያል። ያ መስመር የእኔ መጋረጃ ነው። ሽብሽባታቸው ሁሉ አለ፤ አንዱም አልተደበቀም፣ አንዱም አልጮኸም።

አሥራ አንድ ወረቀቱን ሰጣቸውና ወደ ማተሚያው ዞሮ የሌለ ሥራ መሥራት ጀመረ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ቆዩ።

«አሥራ አንድ» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት እማዬ።»

«አባትህ ያየው ይኼንን ነው?»

አሥራ አንድ ዞሮ አያቸው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ውሸታም መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ስለው ኖርኩ። እውነቱን ነበር ለካ።» እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ ፎቶው ላይ እንዳይንጠባጠብ ራቅ አድርገው ያዙት። እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ደስ ብሎኝ ያለቀስኩበት ቀን ብዙ አይደለም፣ ያንን ቀን ግን አልረሳውም።

ከዚያ እማማ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ሻሹን ራሱን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት። ሽበታቸው ቦግ አለ።

«አውቶቡሱ ከነገ ወዲያም አለ አይደል?» አሉ።

«በየቀኑ አለ» አለ አሥራ አንድ።

«ልጅቷም ብትሆን ለመውለድ ገና ነች፤ ይቆይላታል። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ አንሳኝ። በፀጉሬ።»

ከበሩ ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ ሰማንና ዞር አልን። ባለወፍጮው ማንም ሳይጠይቀው ኖራ ሊበጠብጥ እየሮጠ ነበር።